መልስ፦ ከኮንዳክተርነት ወርክሾፕ በፊት ምን ልዘጋጅ?

ወንድሜ፣ «ጅማ ውስጥ መዘምራን እመራለሁ፤ ውጭ አገር የኦርኬስትራ ኮንዳክተሮች (ሙዚቀኞቹን በእጅ ምልክት የሚመሩ) ወርክሾፕ ብገባ ይጠቅመኛል ወይ?» ብለሃል። ይጠቅማል። ግን ማስታወቂያውን ረጋ ብለህ አንብበው። ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ቦታ አላቸው፤ መድረክ ወጥቶ የሚመራና ቁጭ ብሎ የሚያይ። የሚያየው ክፍያው ያንሳል። የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ ልኮ ተወዳድሮ ነው የሚገባው።

ሁሌ ኦርኬስትራ ይጠብቀኛል ብለህም አታስብ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብልህ በኦርኬስትራው ምትክ የሚጫወት ሁለት ፒያኖ ነው። ከዚያ ስትመራ የተቀረጸውን ቪዲዮ ከአስተማሪው ጋር ታያለህ። ፊንላንዳዊው መምህር ዮርማ ፓኑላ የታወቀው በዚህ የቪዲዮ ዘዴ ነው። እኔ ራሴን በቪዲዮ ያየሁ ቀን ሁለቱም እጆቼ አንድ ዓይነት ነገር ሲያደርጉ አይቼ አፈርኩ። ግራው ዝም ብሎ ቀኙን ይከተላል!

እስከዚያው ድምፅ ከመውጣቱ በፊት በእጅህ የምትሰጣትን ምት ተለማመድ። ፍጥነቱም፣ ጉልበቱም፣ ትንፋሹም እሷ ውስጥ ነው። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ የሚጀምረው በእረፍት ምልክት ነው። እጅህ ሲወርድ ማንም አይጫወትም፤ ሙዚቀኞቹ ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚገቡት። ስንቱን ላብ አስጠምቋል መሰለህ። መዘምራንህ ላይ ሞክረው። «አንድ፣ ሁለት» ሳትል በትንፋሽና በእጅ ብቻ አስጀምራቸው። አንድ ላይ ካልገቡ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ እነሱን አትቆጣ።

ኖታ ማንበብ ላይ ገና ከሆንክ ግን ወርክሾፑን አቆየው። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄደህ ጠይቅ። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቪዛ ወረፋ ይሻላል።