የብር ፍሬ ያለ ብየዳ እንዴት ይጣበቃል?

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ አንጥረኛ ነኝ። ጌጥ ላይ ትንንሽ የብር ፍሬ ስደረድር ብየዳው ቀልጦ ይፈስና ፍሬዎቹን ከግማሽ በላይ ይውጣቸዋል። በፎቶ ያየሁት የጥንት ኤትሩስካውያን የወርቅ ጌጥ ላይ ግን ከአሸዋ የደቀቁ ፍሬዎች ክብነታቸውን ሳያጡ ቆመዋል። በምን በየዷቸው?

መልስ፦ እርስዎ በሚያውቁት ብየዳ አይደለም። ኢጣሊያ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ጥበብ ያደረሱበት ደረጃ ድንቅ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሮማዎቹ አንጥረኞች ካስቴላኒዎች ለዓመታት ለፍተው እንኳ በጣም ደቃቁን ሥራ አልደረሱበትም። በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሊትልዴል የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ነው ነገሩን ግልጽ ያደረገው።

ማላካይት የሚባለው አረንጓዴ የመዳብ ድንጋይ ይላምና በሙጫ ውሃ ይበጠበጣል። ግሪኮች እንዲህ ያለውን አረንጓዴ ድንጋይ «ክሪሶኮላ»፣ የወርቅ ማጣበቂያ፣ ይሉት ነበር። እሳት ሲያገኘው መዳቡ ኦክሳይድ ይሆናል፣ ሙጫው ያርራል። ያረረው ሙጫ ኦክስጅኑን ሲነጥቀው ንጹሕ መዳብ ይቀራል። ወርቅ ብቻውን 1064 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ መዳብ በነካው ቦታ ግን 890 አካባቢ። ፍሬው ሳይነካ መገናኛው ብቻ ይቀልጣል ማለት ነው። ለብር ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፤ ንጹሕ ብር የሚቀልጠው 962 ላይ ሲሆን ከመዳብ ጋር 779 ላይ ይጀምራል።

ብርዎ ከማርያ ትሬዛ የቀለጠ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 4.7 ግራም ያህሉ መዳብ ነው። ስለዚህ ጌጡ ራሱ 779 ላይ መላላት ይጀምርና ከፍሬው ጋር አብሮ ይሟሟል። ለፍሬውም ለመደቡም ንጹሕ ብር ይያዙ።

ፍሬውን ለመሥራት 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ሽቦ በ1 ሚሊ ሜትር ቁመት ይቆራርጡ፤ እያንዳንዱ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ፍሬ ይወጣዋል። ቁርጥራጩን ሳይነካካ በከሰል ዱቄት መካከል ደርበው ማቅለጫው ውስጥ ያግሉት፤ ሲቀልጥ ራሱ ይድቦለቦላል። ከተነካካ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ድብልቁ እንደ ወተት ይቅጠን፣ የግራር ሙጫ ይበቃዋል። ሙጫ ከበዛ ሲፈላ ፍሬውን ያነሳዋል፤ መዳብ ከበዛ መደቡን ይቦረቡራል። ፍሬዎቹን በቀጭን ብሩሽ ከደረደሩ በኋላ ሙሉ በሙሉ ይድረቁ። ወናፉን አያጣድፉት፤ ጌጡ ከሥር በፍም ይጋል። አየር የበዛበት ነበልባል ሙጫውን ቀድሞ ያቃጥለዋል፣ መዳቡም ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ምንም አይያያዝም። የብሩ ገጽ ለአፍታ ብልጭ ሲል ወዲያው ከእሳት ያውጡት። የማላካይት ዱቄት መርዝ ስለሆነ የላመበትን ዕቃ ወደ ማድቤት አይመልሱት።

ጥያቄ፦ (ከድሬዳዋ) የጥንት ሮማ የወርቅ ሽቦ ዙሪያውን ጠመዝማዛ መስመር አለው። ስንጥቅ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያኔ ሽቦ በአብዛኛው በቀዳዳ አይሳብም ነበር። ቀጭን የወርቅ ጥብጣብ ይጠመዘዝና በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ይድቦለቦላል፤ መስመሩ የጥብጣቡ ጠርዝ ነው። በቀዳዳ የተሳበ ሽቦ ግን ቀጥ ያለ ጭረት ያሳያል። ጥንታዊ የተባለ ጌጥ ላይ ቀጥ ያለውን ጭረት ካዩ መጠርጠር ይገባል።