ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ መንገድ ላይ የሚቆም ፍሪጅ

ጥያቄውን የላኩልን ጅማ ከተማ የሚኖሩ፣ በተለምዶ አባዱላ በምንለው ሚኒባሳቸው እንግዶችን ወደ ካፋ ጫካዎች፣ ወደ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ፣ አንዳንዴም በበደሌና በመቱ በኩል እስከ ጋምቤላ ይዘው የሚጓዙ ሾፌር ናቸው። 45 ሊትር የሚይዝ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕረሰር ተንቀሳቃሽ ፍሪጅ ገዝተዋል። ቤት ውስጥ 220 ቮልት ላይ ሲሰኩት ውኃ በረዶ እስኪሆን ድረስ ያቀዘቅዛል። ከመኪናው የኋላ ሶኬት ጋር ሲያያዝ ግን ሞተሩ ከጠፋ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላው «ኢ1» የሚል ምልክት እያሳየ ይቆማል። አንድ ሰው የባትሪ መከላከያውን (ባትሪው እንዳያልቅ ፍሪጁን የሚያጠፋውን) ደረጃ ዝቅ ሲያደርግላቸው ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አደረ፤ ጠዋት ግን ሞተሩ አልነሳ ብሎ እንግዶቻቸው መኪና ሲገፉ አረፈዱ። አሁን የሚጠይቁት «የማቀዝቀዣ ጋዙን ላስሞላው ወይስ ሸጬ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራውን ዓይነት ልግዛ?» የሚል ነው።

ጋዙንም አያስነኩ፣ ፍሪጁንም አይሽጡት። የዚህ ዓይነት ፍሪጅ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚሠራበት ሌላ ኮምፕረሰር የለውም፤ አስማሚው ኃይሉን ወደ 12 ወይም ወደ 24 ቮልት ቀይሮ ለዚያው ለአንዱ ኮምፕረሰር ነው የሚያቀርበው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በደንብ የሚያቀዘቅዝ ከሆነ ኮምፕረሰሩም ጋዙም ደህና ናቸው ማለት ነው። ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለት ሁለቱንም ጊዜ ያልተሻለው ፍሪጅ ወደ እኔ መጥቶ፣ በሽታው የሶኬቱ ምላስ መላላት ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለቤቱ ለጋዙ የከፈለው ገንዘብ አዲስ ገመድ ገዝቶ ይተርፈው ነበር። የእርስዎም ችግር ያለው ከባትሪው እስከ ፍሪጁ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላስረዳ። 45 ዋት የሚወስድ ኮምፕረሰር በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ ይጠይቃል። ፋብሪካው ወደ ኋላ ሶኬት የሚዘረጋው ሽቦ ስልክ ለመሙላት የታሰበ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው። ባለ 1.5 (ካሬ ሚሊሜትር) መዳብ ገመድ አምስት ሜትር ሄዶ አምስት ሜትር ሲመለስ፣ 5 አምፔር ሲያልፍበት ከግማሽ ቮልት የሚበልጥ ኃይል መንገድ ላይ ይበላል። በዚህ ላይ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ልል ግንኙነት ይጨመርበታል። ፍሪጁ ደግሞ ቮልቱን የሚለካው በራሱ ጫፍ ላይ እንጂ ባትሪው ላይ አይደለም። ባትሪው 12.2 ቮልት፣ ማለትም ገና ግማሽ ያህል ኃይል ይዞ ሳለ፣ ፍሪጁ 11.5 ያነብና «ባትሪው እያለቀ ነው» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ኮምፕረሰሩ ሲያርፍ ቮልቱ ተመልሶ ከፍ ስለሚል እንደገና ይነሳል፤ ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና እንደገና ይቆማል። እርስዎ ያዩት ይህንን ነው።

መከላከያውን ዝቅ ያደረገልዎ ሰው ደግሞ ምልክቱን አጠፋ እንጂ ምክንያቱን አልነካም። በእነዚህ ፍሪጆች ላይ ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ ትክክለኛው ቮልት እንደ አምራቹ ስለሚለያይ መመሪያ መጽሐፉን ማየት ነው። ከፍተኛው ደረጃ የተሠራው ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ ጋር ለሚያያዝ ፍሪጅ ነው፤ ጠዋት ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚሆን ኃይል ተርፎ እንዲያድር ቀድሞ ይቆርጣል። ዝቅተኛው ደረጃ ለብቻው ለፍሪጅ ለተመደበ ባትሪ ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ከፍተኛውን ሲመርጡ ፍሪጁ ያለ ጊዜው ይቆማል፤ ዝቅተኛውን ሲመርጡ ባትሪው ተሟጦ ያድራል። ሽቦው እስካልተቀየረ ድረስ ከሁለቱ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ይለኩ፤ ግምት ሊያስከስርዎ ይችላል። ቴስተር ይያዙና ሞተሩ ጠፍቶ፣ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ሳለ መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ምሰሶዎች፣ ወዲያውኑ ደግሞ ፍሪጁ የተሰካበትን ሶኬት ይለኩ። ኮምፕረሰሩ እያረፈ የተወሰደ ልኬት ምንም አይነግርዎትም፤ ኃይል ካልተሳበ ቀጭኑም ሽቦ ወፍራም ይመስላል። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋተኛው መንገዱ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ባትሪው ራሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ12.7 ወደ 12 ከወረደ ግን ባትሪው አርጅቷል፤ ያኔ የትኛውም ገመድ አያድነውም።

ሽቦው መሆኑ ከተረጋገጠ ከባትሪው በቀጥታ እስከ ፍሪጁ ድረስ ለብቻው የሚሄድ ባለ 6 ገመድ ይዘርጉ። በዚያው ርቀትና በዚያው 5 አምፔር የሚጠፋው ኃይል ወደ 0.15 ቮልት ይወርዳል። ኔጌቲቩንም ከመኪናው ብረት ላይ ከመውሰድ እስከ ባትሪው ማምጣት ይሻላል፤ በአሮጌ መኪና የዛገ ቡሎን የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው። ፖዘቲቩ ላይ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይግባ፤ ቦታውም ከባትሪው ምሰሶ አንድ ስንዝር እንኳ ባይርቅ ይመረጣል። ፊውዙ የሚጠብቀው በዋናነት ገመዱን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። በመኪናው ወለል ስር የሚያልፍ ገመድ በብረት ጠርዝ ተፋቅቶ ቢነካካ፣ ፊውዙ ፍሪጁ አጠገብ ከሆነ ከባትሪው እስከዚያ ያለው ገመድ በሙሉ ያለ ከልካይ ይነድዳል። ገመዱ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ ይደረግለት። ከሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ይልቅም በንዝረት የማይላላ፣ ተጭኖ የሚቆለፍ ሶኬት ይጠቀሙ፤ ከጅማ እስከ ጋምቤላ ያለው መንገድ ልል ነገርን አይምርም።

ስለ ገመድ ገበያው አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ ቀይ መስሎ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ መርካቶም የጅማው ሂርማታ ገበያም ሞልቷል። አንዱን ክር በቢላዋ ይፋቁት፤ ውስጡ ከነጣ አይግዙት። አሉሚኒየም ለዚያው ውፍረት ከመዳብ በአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ኃይል ይበላል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል።

አዲሱ ገመድ ቢገባም አንድ ባትሪ ብቻ ይዞ ሁለት ሌሊት አንድ ቦታ መቆም አይቻልም። 45 ዋት የሚወስደው ኮምፕረሰር ምግብን 4 ዲግሪ ላይ ለመጠበቅ ከቀኑ 40 በመቶ ያህሉን ቢሠራ በ24 ሰዓት 430 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ወደ 36 አምፔር-ሰዓት ይፈጃል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አድርገው እንደ ማቀዝቀዣ ቢጠቀሙበት፣ በተለይ በጋምቤላ ሙቀት፣ ይህ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ተራ የእርሳስ ባትሪ ከግማሹ በታች ደጋግሞ ከተሟጠጠ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሚል ቢጻፍበትም 50 ብቻ እንደሆነ አድርገው ይቁጠሩት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከ80 በመቶ በላይ ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን በእርስዎ ሥራ ከሁለት ቀን በላይ ያለ ሐሳብ ያሳድርዎታል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ባትሪ እገዛለሁ፤ ግን ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ሁለቱ ባትሪዎች በቀጥታ መታሰር የለባቸውም። ሁለተኛው የእርሳስ ባትሪ ከሆነ በመካከላቸው ቮልት የሚያነብ ሪሌይ ይገባል፤ ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ቮልቱን ወደ 13.3 ሲያደርስ ያገናኛቸዋል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያቸዋል፤ ስለዚህ ፍሪጁ የሞተሪኖውን ኃይል አይነካም። ሊቲየም ከመረጡ ግን በሪሌይ ፋንታ ለእሱ የተሠራውን ከ12 ወደ 12 ቮልት የሚሞላ ቻርጀር ያስገቡ፤ ሊቲየም ኃይልን ሳይቆጥብ ስለሚስብ ዲናሞውን ሊያቃጥለው ይችላል። ያኔ የመከላከያው ደረጃ ዝቅተኛው ላይ ቢሆን ችግር የለም፤ ሊቲየሙን ደግሞ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያም ይጠብቀዋል። ፍሪጁን በኢንቨርተር አድርጎ 220 ቮልት ላይ መሰካት ለጊዜው ቢያሠራም፣ ኃይሉ ሁለት ጊዜ ሲቀየር ከአሥር በመቶ በላይ በከንቱ ይጠፋል። ስለ ሶላር ብዙ አልልም፤ ባለ 100 ዋት ፓኔል በበጋ ፀሐይ የቀኑን ፍጆታ አብዛኛውን ሊሸፍን ይችላል፣ በጅማ ክረምት ግን አይታመኑበት።

አሁን ወደ ሲሊንደር ጋዙ ፍሪጅ ልመለስ። እሱ ኮምፕረሰር የለውም፤ አሞኒያ፣ ውኃና ሃይድሮጅን ያሉበትን ድብልቅ በእሳት እያሞቀ ነው የሚያቀዘቅዘው። ፈሳሹ በራሱ ክብደት የሚዞር ስለሆነ መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ይቆማል፤ ደልዳላ ቦታ በማይገኝበት በካፋ ኮረብታ ይህ ትልቅ ችግር ነው። በሙቀት ቦታ ይደክማል፤ ከፍታ ላይም አየሩ ስለሚሳሳ እሳቱ ይታወካል። ከሁሉ በላይ ግን ሰው በሚተኛበት ዝግ መኪና ውስጥ እሳት ማብራት ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ ሰው እንደተኛ ሊቀር ይችላል። ርካሹ፣ ቀላሉና ኮምፕረሰር የሌለው የኤሌክትሪክ ዓይነት ደግሞ ከአካባቢው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ቀዝቃዛ በሆነው የጅማ ሌሊት ደህና ይመስላል፤ ጋምቤላ ላይ 38 ዲግሪ ሲሆን ግን ውስጡ 18 ሆኖ ሥጋዎ ይበላሻል። ባለ ኮምፕረሰሩ እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ቢል እንኳ ይሠራል። ምርጫዎ ትክክል ነበር።

አጠቃቀሙም የኃይሉን ፍጆታ በእጅጉ ይወስናል። ከመነሳትዎ በፊት ባለው ምሽት ቤት ውስጥ 220 ቮልት ላይ ሰክተው ከነምግቡ ያቀዝቅዙት፤ ለብ ያለ ለስላሳ ጠርሙስ ሞልቶ መንገድ ላይ ማቀዝቀዝ ባትሪ መጨረስ ነው። ወጡን ቤት ውስጥ በየአንድ ጊዜው ከፋፍለው አቀዝቅዘው ያምጡት፤ ትኩስ ድስት ወደ ውስጥ አይግባ። ጥሬ ሥጋ በተዘጋ ዕቃ ከታች ይቀመጥ፣ አይብና ቅቤ ከላይ። ባዶ ቦታ ከተረፈ በረዶ የሆነ የውኃ ፕላስቲክ ይጨምሩበት፤ የጠርሙስ ቢራና ለስላሳ ግን ከዜሮ በታች ስለሚፈነዱ አያቆዩዋቸው። በመመልከቻው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ጥግ ላይ ያለ መለኪያ የሚያነበው ነው፤ እውነተኛውን ለማወቅ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ቴርሞሜትር ከትተው ከምግቡ ጋር ያሳድሩት። ከእንግዶችዎ መካከል ኢንሱሊን የሚይዝ ካለ ይህ የግድ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይጣላል።

ሙቀቱን የሚያስወጣበት ወንፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። እንግዶች ብርድ ልብሳቸውን እዚያ ላይ ሲቆልሉ ፍሪጁ ሳያርፍ ይሠራል፤ ሾፌሩ ደግሞ ባትሪውን ይረግማል። የመንገዱ አቧራ ወንፊቱን ስለሚደፍነው ከየጉዞው በኋላ ነቅለው በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ሲጭኑት በጎኑ አያስተኙት፤ ተኝቶ ከመጣ ደግሞ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ቆሞ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ሶኬቱ ላይ 12.5 ቮልት እየለኩ ኮምፕረሰሩ አሁንም የማይነሳ ከሆነ፣ ችግሩ ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ኮምፕረሰሩን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ወይም የፍሪጁ የራሱ ውስጣዊ ፊውዝ ይሆናል። ያኔ ፍሪጁን ከነገመዱ፣ የወሰዱትንም ልኬት በወረቀት ጽፈው ይዘው ወደ ባለሙያ ይሂዱ፤ ቮልቱን ሳይለካ የጋዙን ቧንቧ ልክፈት የሚልዎትን ግን አያስነኩት።