ወፍራም ቁራጭ፣ ጭጋጋማ ምስል

ጥያቄው ከሰበታ ነው፤ ጠያቂዋ የማስተርስ ተማሪ ናት። ፎርማሊን ውስጥ የቆየ የበግ ኩላሊት በ60 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ቆርጣ፣ ከውሃ ጋር ስላይድ ላይ አድርጋ፣ በ40 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፑ ሌንስ) ከላይ ወደ ታች ደረጃ በደረጃ ፎቶ አነሳች። ኮምፒውተር ላይ ስትደረድረው የታችኛው ግማሽ ጭጋግ ሆነባት፤ ውፍረቱም 45 ማይክሮን ብቻ ወጣ። «ያለ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ አይሆንም ማለት ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ኮንፎካሉን ለጊዜው ተዪው። ጭጋጉ የመጣው ከሥጋው ነው። ውሃ ብርሃን የሚሰብርበት ልክ 1.33 ነው፤ የሥጋው ፕሮቲን ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በየድንበሩ ይበታተናል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ዘይት የነካው ቦታ ላይ የጀርባው ጽሑፍ የሚታየው፣ ዘይቱ በክሮቹ መካከል ያለውን አየር ስለሚተካ ነው። ላንቺ ዘይቱ ግሊሰሪን ነው፤ ልኩ 1.47። ቁራጩን በ25፣ በ50፣ በ75 በመቶ አሳልፈሽ ወደ ንጹሑ አስገቢው፤ በየደረጃው እስኪሰምጥ ጠብቂ። በቀጥታ ንጹሑ ውስጥ ከጣልሽው እንደ ቋንጣ ይኮማተራል። የምትቀቢበትን ቀለም፣ ሄማቶክሲሊኑንም አቅጥኚው፤ ለ5 ማይክሮን የሚበቃው ቀለም 60ውን ያጠቁረዋል።

የጠፋው 15 ማይክሮን ደግሞ አልጠፋም። ያንቺ 40 ደረቅ ኦብጀክቲቭ ነው፤ ከፊቱ አየር አለ። ስቴጁ፣ ስላይዱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ፣ 1 ማይክሮን ከፍ ሲል ፎከሱ ውሃ ውስጥ 1.33 ያህል ይወርዳል። 45ን በ1.33 አባዢው፣ 60 ነው። ግሊሰሪን ውስጥ ሲሆን በ1.5 ገደማ ታባዢያለሽ። ምስሎቹን የምትደረድሪበት ፕሮግራም፣ ኢሜጅጄ፣ በምስሎች መካከል ያለውን ርቀት ሲጠይቅሽ የተባዛውን ጻፊ።

ትንሿን የፎከስ መዘውር ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዙሪ፤ አልፈሽ ከመለስሽ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ቁጥሩን ይበላብሻል። ከስቴጁ ሥር ያለውን የብርሃን በር፣ የኮንደንሰሩን ዲያፍራምም ክፈቺው። ምስሉ ጎላ እንዲል ብዙ ሰው ይዘጋዋል፤ ያኔ ከላይና ከታች ያለው ሁሉ አብሮ ይታያል፣ ንብርብሩ አይለይም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም ገና በምትባለው ቦታ ወደ እኔ ከሚመጡት ማይክሮስኮፖች ብዙዎቹ ስቴጃቸው በራሱ ይሰምጣል። ስላይዱ ላይ አንዲት አቧራ ፎከስ አድርገሽ ቡና ጠጥተሽ ተመለሺ፤ ከደበዘዘች በትልቁ መዘውር ሥር ያለውን ቀለበት ትንሽ አጥብቂው።

ኮንፎካል፣ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ማርቪን ሚንስኪ በ1957 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያመለከተበት፣ ከፎከስ ውጭ ያለውን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ያስቀራል እንጂ ደመናማ ሥጋን አያጠራም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የሚያበራ፣ ፍሎረሰንት ቀለም ነው። አንድ ቀን ተራ ካገኘሽ፣ ሄማቶክሲሊን ብቻ የተቀባውን ይዘሽ እንዳትሄጂ።