ሐረጎ ላይ የሚጠፋ ሞተር

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። ወጣቱ ከአባቱ የወረሳት ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለችው። ጠዋት ቁልፍ እንደነካ ትነሳለች። ከተማ ውስጥ ምንም አይላትም። ወደ ደሴ ሲወጣ ግን ሐረጎ የሚባለው አቀበት አጋማሽ ላይ መቆራረጥ ትጀምርና ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት አርፋ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ካርቡሬተሯ ሁለት ጊዜ ታጥቧል። ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለካንዴላ ከፍ የሚያደርገው ቦቢናም የዛሬ ዓመት በአዲስ ተተክቷል። «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ልቀይር?» ይላል።

ለጊዜው ምንም አትቀይር ወንድሜ። አብሽር፣ መኪናህ ትድናለች። እስካሁን በሽታዋ ያልተገኘው ጋራዥ ስትደርስ ስለምትቀዘቅዝ ነው። ስትቀዘቅዝ ጤነኛ ናት። ጤነኛ መኪና ላይ ደግሞ የሚቀየረው ሁሉ በግምት ነው። ምርመራው እዚያው ሐረጎ ላይ፣ በጠፋችበት ደቂቃ መሆን አለበት።

ሐረጎ ሁለት ነገር ይፈትናል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። ከጭነት መኪና ኋላ፣ በከባድ ማርሽ፣ ንፋስ ሳታገኝ። ኮፈኑ ሥር ያለው ሁሉ ይግላል። ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፤ ትነቱ ቱቦውንና ፓምፑን ይሞላና ቤንዚን አልሄድ ይላል። በሌላ በኩል ቦቢና ውስጥ ያለው ጸጉር የሚያክል ሽቦ ሲግል ይላቀቃል፣ ወይም ልባሱ ይሸነፋል። የሁለቱም ምልክት አንድ ነው፤ ትጠፋለች፣ ትቀዘቅዛለች፣ ትነሳለች። ካርቡሬተሩን ያጠቡልህ ሰዎች የመጀመሪያውን ጠርጥረው ነው። አልተሳሳቱም፣ ግን አላረጋገጡም።

ስትወጣ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ እጀታው ፕላስቲክ የለበሰ ፒንሳ፣ ቴስተርና ሁለት ሜትር ሽቦ ያዝ። ጎማ ሥር የምታደርገው ድንጋይም አትርሳ። ሰው አብሮህ ይሂድ።

የመጀመሪያው ምልክት ገና ሳትቆም ይታያል። የሞተር ዙር የሚያሳየው ቆጣሪህ ወሬውን የሚያገኘው ከቦቢናው ነው። መቆራረጥ ስትጀምር ፍሪሲዮን ሳትረግጥ መርፌውን እይ። ጎማው ሞተሩን እያዞረው መርፌው ድንገት ዜሮ ላይ ከወደቀ፣ ወደ ቦቢናው የሚገባው ወይም እሳቱን ለካንዴላዎቹ በተራ በሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ባለው ኮንታክት (እየተከፈተና እየተዘጋ ቦቢናውን በሚያሠራው ትንሽ ማብሪያ) በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ተቋርጧል። መርፌው ከመኪናዋ ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ግን ቤንዚኑን፣ ወይም ከቦቢናው ወደ ካንዴላ የሚሄደውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ጠርጥር። ይህ ምርመራ ሁለት ሴኮንድ ነው የሚፈጀው፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀውም ይህንን ነው።

ከዚያ ጠርዝ ያዝ፣ ድንጋይ አድርግ፣ ቁልፉን ዝጋ። ሬዲዮ ልስማ ብለህ ክፍት አትተወው። ሞተሩ ቆሞ ኮንታክቱ ተዘግቶ ከተገኘ ቦቢናው መጋሉን ይቀጥላል።

አሁን ፈጠን በል። አንዱን የካንዴላ ገመድ ንቀልና ትርፉ ካንዴላ ላይ ሰካው። የካንዴላው ብረት የሞተሩን ብረት ይንካ፤ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አጠገብ ግን አታድርገው። በእጅህ ሳይሆን በፒንሳው ያዝ። ጓደኛህ ሞተሩን ያዙር። ሰማያዊ ሆኖ «ጠቅ ጠቅ» የሚል እሳት ካየህ እሳቱ ደህና ነው። ቀጭን ቢጫ ከሆነ ደካማ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ያለውን አንዱን ካንዴላ ፍታው፣ ትኩስ ነውና ተጠንቀቅ። እሳት የለም፣ ካንዴላው ግን በቤንዚን ርሷል? ካርቡሬተሩን ተወው፣ ነገሩ እሳት ነው። እሳቱ ደህና ሆኖ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ነው የቆመው። ሌሎቹንም ገመዶች ከነቀልክ ተራቸውን አታጥፋ፤ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው።

እሳት ከጠፋ ቁልፉን ከፍተህ የቦቢናውን ፖዘቲቭ በቴስተር ለካ። ከቦቢናው በፊት ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚቀንስ ዕቃ) ካልታሰረ፣ ኮንታክቱ ተዘግቶ ወደ 12 ቮልት መቅረብ አለበት። በጣም ከወረደ በዚያች ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ለቦቢናው ስጠው። ከተነሳች ጥፋቱ የቁልፉ ቤት ወይም መንገድ ላይ ያለ ሽቦ ነው። በዚህ ሁኔታ በቁልፍ እንደማትጠፋልህ እወቅ፤ ሽቦውን ስትነቅል ነው የምትጠፋው።

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የጠረጠርኩት ያንን አዲስ ቦቢና ነው። ሁለት ዓይነት የ12 ቮልት ቦቢና አለ፤ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። አንዱ በቀጥታ የሚሠራ ነው፣ በቴስተር ስትለካው 3 ኦም ገደማ ይሰጣል። ሌላው ከውጭ ሬዚስተር የሚፈልግ ነው፣ እሱ 1.5 ገደማ ነው። ይህ ሁለተኛው ያለ ሬዚስተር ከታሰረ 4 አምፒር መሆን የሚገባው ወደ 8 ይጠጋል። ቦቢናው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ኮንታክቱም ይቃጠላል። ከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ስትሄድ ላታውቀው ትችላለህ። አቀበት ላይ ግን ይለይለታል። ሽቦዎቹን ፈትተህ በሁለቱ ትንንሽ እግሮች መካከል ለካ። በእንግሊዝኛ «ዩዝ ዊዝ ኤክስተርናል ሬዚስተር» የሚል ተጽፎበት እንደሆነም አገላብጠህ አንብብ። ከመካከለኛው ቀዳዳ እስከ አንዱ እግር ደግሞ ከ6 እስከ 10 ሺህ ኦም ይጠበቃል። ትኩስ እያለ ለካው። ሲቀዘቅዝ ደህና ቁጥር ይሰጥህና ያሳስትሃል።

ቦቢናው ንጹሕ ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈት። ከዓመታት በፊት አንድ ፊያት 1100 ሦስት ቀን አንገላቶኛል። ወደ ኮንታክቱ የምትገባው ትንሽ ሽቦ ልባሷ ሳይነካ ውስጧ ተበጥሶ ነበር። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ትለያያለች፣ ሲቆም ትገናኛለች። ከዚያ ወዲህ ሳልጎትታት አላልፍም፤ አንተም በቀስታ ሳባት፣ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠች ተበጥሳለች። የኮንታክቱን ፊት ተመልከት። ተቃጥሎ አንዱ ጎን ጉድጓድ፣ ሌላው ጉብታ ከሠራ ኮንደንሰሩን (ኮንታክቱን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ትንሽ ዕቃ) ቀይር። ዋጋው ትንሽ ነው፣ እሱም እንደ ቦቢናው ሲግል ብቻ ሊታመም የሚችል ዕቃ ነው። አሮጌ ኦሪጅናል ካለህ ግን አትጣለው።

አዲስ ኮንታክት ካስገባህ ክፍተቱ በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት መለኪያ) 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። ክፍተቱን በነካህ ቁጥር እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት ይለወጣል፤ ስለዚህ ታይሚንጉን ሳታይ ኮፈኑን አትዝጋ። ክዳኑንም ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረግ። የደሴ ጉም ሲገባበት ጠዋት አልነሳም የሚያሰኘው ሌላ ታሪክ ይመጣል።

በሚቀጥለው ሐረጎን ስትወጣ መርፌው እንዴት እንደወደቀና ትኩሱ ቦቢና ስንት ኦም እንደሰጠህ ጻፍልኝ። በሁለቱ መልስ ቀሪውን አብረን እንጨርሰዋለን።