እስክሪብቶውን መለስኩለት

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ አንድ ልጅ ያዘኝና "ጋሼ፣ ሰው ታማኝ መሆኑ በምን ይታወቃል? ሶላቱን አይቼ ባምነው ይበቃል?" አለኝ። ከሆነ ሰው ጋር ስራ ሊጀምር ነው መሰለኝ። "ኢንሻአላህ እንነጋገራለን" ብዬው ሄድኩ። መልስ አጥቼ አይደለም፣ ጥያቄው የቆየ ቁስል ነካብኝ። ቤት ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስለዚህ ልጻፍለት፣ እናንተም አንብቡት።

ሰላሳ አመት በላይ ሂሳብ ስሰራ ነው የኖርኩት። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ካየሁ ቀኑን ሙሉ ያሳክከኛል፣ የስራ ባልደረቦቼ በዚህ በጣም ይስቁብኝ ነበር፣ አንድ አለቃዬማ "አንተ ለሚስትህም ደረሰኝ ትቆርጣለህ" ይለኝ ነበር። እና ይሄው ሰውዬ በራሱ ገንዘብ ምን እንደሰራ ስሙ።

ወጣት እያለሁ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንደኛው ሱብሒን (የንጋቱን ሶላት) ከመጀመሪያው ሰፍ፣ ከፊተኛው ረድፍ የማይጠፋ፣ ቁርኣን ሲቀራ ሰው የሚያስለቅስ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው። ባገኘኝ ቁጥር ያሞግሰኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ። ሌላኛው ደረቅ ነው። ሱብሒ አንዳንዴ ያመልጠዋል፣ ሲናገርም አያለሳልስም፣ ከሱ ጋር ስውል ተሞግሼ ገብቼ አላውቅም።

ያ ማር አንደበት "አብረን እንነግድ" አለኝ፣ እኔም ለአመታት ያጠራቀምኩትን ልሰጠው ተስማማሁ። ማታ ሶስታችንም አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል፣ ብሩ በፖስታ ሆኖ መሀል ላይ ነው፣ ደረቁ ጓደኛዬ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ክዳኑን ነቀለና ፊቴ አስቀመጠው። "ጻፉት" አለ። ሌላ ቃል የለም። ሰውየው ፈገግ ብሎ የቁርኣን አንቀጽ ቀራልን፣ "ከፊላችሁ ከፊሉን ካመነ ያ የታመነው ሰው አደራውን ያድርስ" የሚለውን። ድምፁ እንዴት ያምራል መሰላችሁ። እኔ አፈርኩ፣ በሰውየው አይደለም፣ በጓደኛዬ ነው ያፈርኩት! ክዳኑን ገጥሜ እስክሪብቶውን ወደሱ ገፋ አደረኩለት። ውጪ ስንወጣ ጭራሽ "ምቀኛ ነህ፣ ከሱ ጋር መቀራረቤ አቃጥሎህ ነው" አልኩት። ምንም ሳይመልስ ሄደ።

ሰውየው የቀራው አል-በቀራ 283 ላይ ያለ ነው። የዛው አንቀጽ መጀመሪያ ግን "ጉዞ ላይ ሆናችሁ ጸሐፊ ካላገኛችሁ" ነው የሚለው፣ ከዛ በፊት ያለው 282 ደግሞ በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ነው፣ እና የሚያወራው ስለ ምን መሰላችሁ? እዳን ስለመጻፍ። ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ አትሰልቹ ይላል፣ ምስክርም አቁሙ ይላል። ብዙ ዑለማዎች (የሃይማኖት ሊቃውንት) መጻፉ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም ይላሉ፣ እሺ፣ ግን እኔ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ እኮ! አንቀጹንም በቃሌ አውቀው ነበር።

በስምንተኛው ወር ሰውየው ጠፋ። ሲገኝም "ምን ተቀብዬህ?" አለ። ወረቀት የለም፣ ያለው አንድ ምስክር ነው፣ እሱም ምቀኛ ያልኩት። እያፈርኩ በሩን አንኳኳሁ። "ነግሬህ አልነበር?" አላለኝም፣ ጫማውን አጥልቆ ተከተለኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት ያየውን ተናገረ፣ ፖስታውን፣ የተቀመጥንበትን፣ የተባባልነውን። እኔ ግን ቀደም ብዬ "በወላሂ ምሎ ነው የተቀበለኝ በልልኝ፣ እንደዛ ካልክ ይጠነክራል" ብዬው ነበር። እዛ ሲጠይቁት "ሲምል አልሰማሁም" አለ። በቃ። ብሩም በዛው ቀረ። እኔ እንደገና ተናደድኩበት፣ አስቡት፣ የበላኝን ትቼ ባልዋሸልኝ ተናደድኩ። "ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ እርዳው" የሚለው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ቡኻሪ በሚባለው የሐዲስ ስብስብ ላይ አለ፣ ሰሓቦች (ባልደረቦቻቸው) በዳይን እንዴት ነው የምንረዳው ሲሉ ከበደሉ በመከልከል ነው የተባለው። ያን ቀን እሱ እየረዳኝ ነበር፣ የገባኝ ግን ከአመታት በኋላ ነው።

ለጥያቄህ መልስ ከሁለተኛው ኸሊፋ ከዑመር (ረ.ዐ) የሚተላለፍ ታሪክ አለ። አንድ ሰው ስለሌላ ሰው "አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው" ብሎ ሲመሰክር፣ ዑመር ጎረቤቱ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት፣ አይደለሁም አለ። በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተኸው ታውቃለህ? የለም። አብረኸው ተጉዘህስ? የለም። መስጂድ ውስጥ አንገቱን ቀና ደፋ ሲያደርግ አይተኸው ይሆናላ፣ እንግዲያውስ አታውቀውም አሉት። እኔ ያንን ሰውዬ የማውቀው በትክክል እንደዛ ነበር፣ ቀና ደፋ ሲል። ሁላችሁም የምታውቁት የሽቶ ሻጩና የወናፍ ነፊው ሐዲስ አለ አይደል፣ ጥሩ ጓደኛን በሽቶ ሻጭ፣ መጥፎውን በወናፍ ነፊ የሚመስለው፣ እኔ ሽቶ የሸተተኝን ሁሉ ሽቶ ሻጭ አድርጌው ነበር።

ሂጅራ ላይ ደግሞ፣ ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ፣ በ622፣ ነቢዩና አቡበከር መንገድ መሪ አድርገው የቀጠሩት አብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ ገና በሚያሳድዷቸው የመካ ጎሳ በቁረይሾች እምነት ላይ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱንም ግመሎች አስረከቡት፣ ከሶስት ሌሊት በኋላ ሰውር ዋሻ ድረስ ይዞ እንዲመጣ ቀጠሩት። ቁረይሾች ለሚይዛቸው መቶ ግመል ቃል በገቡበት ሰአት ሰውየው የት እንዳሉ እያወቀ አፉን ዘግቶ ቀጠሮውን አከበረ። ሶላት ለማይሰግድ ሰው ልባችሁን ስጡ እያልኩ አይደለም፣ ለልጄ ብትጠይቁኝ አሁንም ሶላቱን የሚጠብቅ ጓደኛ ያዝ ነው የምለው። እርስ በርሱ ይጋጫል አውቃለሁ። ግን አደራ ሌላ ነገር ነው።

ከሰካራም አትዋሉ ምናምን የሚለውን አልደግምም፣ ቤት ተነግሯችኋል። የናንተ ዘመን የሚያናድደኝ ግን ደረቅ ሰው ስታገኙ "ቶክሲክ ነው" ብላችሁ ብሎክ ማድረጋችሁ ነው፣ ላይክ የሚያደርግላችሁን ሁሉ ደግሞ ወንድሜ ትሉታላችሁ። እኛ ይሄን አናውቅም ነበር ልል ነበር፣ ለካ እኔ ያለ ስልክ ሰርቼዋለሁ።

ጓደኛዬ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ይቅርታ ጠይቄው "አውፍ ብዬሃለሁ" ብሎኛል፣ ታምሜ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፣ ሱብሒም አሁን ከኔ ቀድሞ ነው የሚገኘው። አንድ ነገር ብቻ አልተመለሰም። ቅድም ጡረታ ስወጣ ያገኘሁትን ገንዘብ ምን ላድርገው ብዬ አማከርኩት፣ ሻዩን አስቀምጦ ትንሽ አየኝና "አንተ ታውቃለህ" አለኝ። እስክሪብቶውን ከመለስኩባት ማታ ጀምሮ ምንም ብጠይቀው እንደዛ ነው የሚለኝ።