ሻምበልን ጠይቋቸው፦ ፈንጂ አምካኞች በትልቅ ጦርነት

የባሕር ዳር የንባብ ማኅበራችን አባላት በመሐንዲስ ጦር ያገለገሉትን ሻምበል የጠየቋቸው ጥያቄዎችና የሰጧቸው መልሶች የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሻምበል፣ ፈንጂ አምካኝ ክፍል በትልቅ ጦርነት ምን ይሠራል?

መልስ፦ ጥያቄው እጅግ ሰፊ ስለሆነ የምወደውን ክፍል ልመልስ። በ1940 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ለንደንን ሲደበድቡ፣ መሬት ገብቶ ሳይፈነዳ የቀረ አንድ ቦምብ የባቡር ሐዲድን ወይም ፋብሪካን ለቀናት እንደሚያዘጋ ተገነዘቡ። ስለዚህ እስከ 72 ሰዓት የሚያዘገይ ሰዓት ያለውን 17 ቁጥር ማቀጣጠያ (ቦምቡን የሚያፈነዳ መሣሪያ)፣ ሲነካካ የሚያፈነዳውን 50 ቁጥር፣ ቀጥሎም 17 ቁጥሩን የሚነቅለውን መሐንዲስ ለመግደል ከሥሩ የሚቀበር ወጥመድ አመጡ። ይህ ሁሉ ብልሃት የታሰበው ለአምካኙ እንደነበር ልብ በሉ። እንግሊዞችም ሰዓቱን በማግኔት ማስቆምን፣ የቦምቡን ፈንጂ ቅመም በእንፋሎት አቅልጦ ማውጣትን ተማሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ሌተናንት ሮበርት ዴቪስና ባልደረቦቹ ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ ሦስት ቀን ቆፍረው ቦምብ አወጡ፤ ዴቪስ ራሱ መኪናውን እየነዳ ከከተማው ጥቅጥቅ ሰፈር አራቀው።

ጥያቄ፦ ታንኳ ቀዛፊው ወንድሜ በዘጌ በኩል ዝገት የበላው ብረት አይቷል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አይንካው፤ ቦታውን ለፖሊስ ያመልክት።

ጥያቄ፦ ፈንጂ ወረዳስ እንዴት ይጸዳል?

መልስ፦ በጥቃት ጊዜ አይጸዳም፤ ታንክና እግረኛ የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ይከፈታል። በ1942 እ.ኤ.አ. በኤል አላሜይን መሐንዲሶቹ ይህን የሠሩት በሌሊት፣ በተኩስ ሥር፣ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ፈንጂ በተቀበረበት በረሃ ነው። ሙሉ ጽዳት ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣ የዓመታት ሥራ ነው።

መምህሩ፦ የፈንጂ መፈለጊያው መሣሪያ የእንግሊዞች ፈጠራ አይደለምን?

ሌላ አባል፦ የለም መምህር፣ የፖላንዱ መኮንን የዮዜፍ ኮሳትስኪ ነው።

መምህሩ፦ ስኮትላንድ ውስጥ ከተሠራ ግን የማን ሊባል ነው?

ሻምበል፦ የኮሳትስኪ ነው። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለው የኦታዋ ስምምነት በቂ ነውን?

መልስ፦ ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። የቀረውን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የዛገ ቦምብ ግን ኃይሉ አያልቅም?

መልስ፦ አያልቅም፤ አይነካም ብያለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት ለአንድ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ቦምብ ሲባል ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወጥተዋል።

ጥያቄ፦ ሻምበል፣ ወንድሜ ብረቱን በታንኳ ሊያመጣልኝ ነው፤ ፎቶ አንሥቼ ላሳይዎት?

መልስ፦ ፎቶ አልፈልግም። አሁኑኑ ደውለው ብረቱን ባለበት ትቶ እንዲርቅ ይንገሩት። ይህን ማድረግዎን እስኪነግሩኝ ድረስ ሌላ ጥያቄ አልመልስም።