ከጨው ሊጥ እስከ ካልሲ ሩር፦ ለገና ከልጆች ጋር የምንሠራቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የ7 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ፣ ሱቅ ያለው የገና ጌጥ ዋጋው አይቀመስም፣ ሐዋሳ ላይ በሚገኝ ነገር ቤት ውስጥ ምን እንሥራ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ነኝ። ከልጆቼና ከጎረቤት ልጆች ጋር በየዓመቱ እንሠራለንና የሚሆነውን ልንገርሽ። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

በመጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የበረዶ ሰውና የጥጥ በረዶ ተዪው። ልጆቻችን በረዶ የሚያውቁት ከዝናብ ጋር ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ታኅሣሥ ላይ እኛ ያለን ፀሐይ ነው፤ እሱን ተጠቀሚበት።

ለዚህ ደግሞ እንደ ጨው ሊጥ የሚሆን የለም። ምድጃም ኦቭንም አይፈልግም። 2 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ የደቀቀ ጨው፣ ወደ 1 ብርጭቆ የሚጠጋ ውሃ። ውሃውን በአንዴ አትገልብጪው፣ ጠብ እያደረግሽ ጨምሪ። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው በቃው። ከዚያ በጠርሙስ ዳምጡት። ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከወፈረ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይሰነጠቃል። ክቡን ትንሹ ልጅሽ በሻይ ብርጭቆ አፍ ይቁረጠው፣ ኮከቡን ትልቋ በቢላ ጀርባ ታውጣው። የማንጠልጠያውን ቀዳዳ ሊጡ ሳይደርቅ በስትሮ ብሱት፤ ከደረቀ በኋላ ልብሳው ብትይ ለሁለት ይከፈልብሻል።

ሰፌድ ላይ ወረቀት አንጥፈሽ ፀሐይ ላይ አውጪው። በየቀኑ ገልብጪው፣ ሲመሽ ወደ ቤት አስገቢው። በሦስት በአራት ቀን ድንጋይ ይሆናል። ቀለም ካልገዛሽ ሊጡ ላይ ዕርድ ብታደርጊ ቢጫ፣ የቡና ዱቄት ብታደርጊ ቡናማ ይወጣል። ትንሹ መቅመሱ አይቀርም። አንዴ ከቀመሰ ፊቱ ተጨማዶ ይተፋዋል፣ ቢሆንም ጨዉ ብዙ ስለሆነ እንዲውጠው አትፍቀጂለት። የበዓል ዶሮ ቀደም ብለሽ ገዝተሽ ከሆነም ሰፌዱን ከፍ ያለ ቦታ አድርጊ፤ ዶሮዋ ጌጥ መሆኑን አታውቅም።

ማድረቂያ ጊዜ ስለሚፈልግ ከታኅሣሥ 20 አትለፊ። በ19 የገብርኤል ዕለት ከተማው በእንግዳ ስለሚጨናነቅ እኛ በማግስቱ ነው ሊጥ የምናቦካው፤ እስከ 29 በቂ ቀን ይተርፋል።

ሁለተኛው ቃጫ ነው። ይሄ የእኛ አካባቢ ሀብት ነው፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ይቀኑብኛል። እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ነው፤ ገበያ ታገኚዋለሽ። አንድ እፍኝ ቃጫ መሃሉ ላይ እጠፊና ከእጥፋቱ ትንሽ ዝቅ ብለሽ በክር እሰሪው፤ ጭንቅላት ይሆናል። የቀረውን እንደ ቀሚስ በትኚው። ከኋላው የደረቀ የበቆሎ ሽፋን በክንፍ ቅርጽ እሰሪ፤ መልአክ ወጣ። የልጄ መልአክ አንገቱ ረዝሞ፣ ክንፉ ተንጨፍርሮ፣ ቁርጥ ሐይቁ ዳር የሚቆመውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን መስሏል፤ ግን እንዳስተካክለው አልፈቀደችልኝም። አንቺም አታስተካክዪ። እናት ያስተካከለችውን ጌጥ ልጅ ዞር ብሎ አያየውም።

ወረቀት ለትልቋ ይሁን። አራት ማዕዘን ወረቀት ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ ከዚያ የወረቀቱ መሃል የነበረውን ጫፍ ይዘሽ በሰያፍ አንዴ እጠፊ። ጠርዝ ጠርዙን እየበሳሳች ትቁረጥ፤ እጥፋቱን ግን ከዳር እስከ ዳር እንዳትቆርጠው፣ ይበታተናል። ሲዘረጋ አራቱም አቅጣጫ እኩል የሆነ ጥልፍልፍ ይወጣል፤ የላሊበላን መስቀሎች አሳይተሻት ከሆነ ራሷ ወደዚያ ትወስደዋለች። መስኮት ላይ ለጥፉት። ኮላ ካለቀ 2 ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ እያማሰልሽ እሳት ላይ እስኪወፍር አብስዪ፤ ወረቀት በደንብ ይይዛል። ከሁለት ቀን በላይ ግን አታቆዪው፣ ይሸታል።

ግርግሙን ከጫማ ካርቶን ነው የምንሠራው። ካርቶኑን በጎኑ አስተኝተን ጭድ እንጎዘጉዝበታለን። በሬና አህያውን ልጆቹ ከጭቃ ይሠራሉ፤ ጭቃ ላይ ማንም አያስተምራቸውም። ለሰብአ ሰገል እውነተኛ ዕጣን ከቡና ዕቃሽ ውስጥ ትንሽ ቆንጥረሽ ስጫቸው። ከርቤ ካለሽም ጨምሪ። ታሪኩን አሥር ጊዜ ብትነግሪያቸው የማይዙት ልጆች ሽታውን ይዘው ይጠይቁሻል። ወርቁ የከረሜላ ወረቀት ነው፣ ምን ይደረግ።

የእንቁላል ቅርፊት መቀባት የጠቆሙሽም አይቻለሁ። ያምራል፤ ግን ለሚጾም ቤት ከኅዳር 15 ጀምሮ እንቁላል ከየት ይመጣል? ለበዓሉ ማግስት አቆዪው። ሃይላንድ ቆርጦ ፋኖስ መሥራትም ይቻላል፤ ውስጡ ሻማ እንዳይገባ ብቻ፣ ፕላስቲክ ነው። የስልክ መብራት ይበቃል።

ወንዱ ልጅሽ ቁጭ ብሎ መሥራት ከሰለቸው ሩር፣ ማለትም የገና ጨዋታ ኳስ፣ ይሥራ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ፣ አፉን አስረሽ፣ በላዩ ሌላ ካልሲ መደረብ ነው። የእንጨቱ ሩር ለትልልቅ ሰው ነው፤ ይሄ ቢመታም አያሳምም። ለዱላው ጫፉ ጎበጥ ያለ ቀላል እንጨት ፈልጉና ሸካራውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ንገሪያቸው፤ ከመስኮቱ በኩል ግን አንቺ ቁሚ።

ከበዓሉ በኋላ የጨው ሊጡን ጌጥ በጋዜጣ ጠቅልለሽ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። የእኛ ካቻምና የሠራነው እስካሁን አለ። እርጥበት ካገኘው ይላላል፣ ስለዚህ ክረምቱን ቁም ሳጥን ላይ እንጂ ወለል ላይ አይክረም።